ችኮን አልሰጥም

ውሻ እፈራለሁ። ስለዚህ ማረሚያ ቤታችን ውስጥ ውሾች ሊገቡ ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ፣ ለኃላፊዋ ተቃውሞዬን በጽሑፍ ያቀረብኩት የመጀመሪያዋ ታራሚ እኔ ነበርኩ። በጽሑፍ አልታማም። የታሰርኩትም በእሱ ነው። ሌላው ሰው ገድሎ ወይ ሰርቆ ሲገባ፣ እኔ ማኅተም ቀርጬ ነው የገባሁት። የችሎቱ ዳኛ የእኔንና የዋናውን ማኅተም ጎን ለጎን አስቀምጠው የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት መነጽራቸውን ሁለቴ ወልውለዋል። ከሲታ ስለሆንኩ እዚያ ግቢ ውስጥ ስሜ እማማ ሽቦ ነበር።

የማወራችሁ ግን ስለ እኔ አይደለም። ስድስት ዓመት በአንድ ክፍል አብራኝ ስለኖረች ሴት ነው። መወርወሪያ ነበር የምንላት። ከመታሰሯ በፊት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሸማኔ ነበረች፤ ስሟ ግን በሥራዋ ብቻ የወጣላት አይደለም። ከግድግዳ ግድግዳ ስትመላለስ ልክ በድርና በማግ መሀል እንደሚወረወረው እንጨት ናት። አምስት እርምጃ ወደዚያ፣ አምስት እርምጃ ወደዚህ። አንዳንዴ እሷን ሳይ እኔው ይደክመኝ ነበር።

ፋብሪካው ውስጥ አንድ የፈረቃ አለቃ ነበር። ሥራው እንዲፋጠን ብሎ የማሽኖቹን መከለያ አስፈታ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት አዲስ ሠራተኛ ሦስት ጣቶቿን አጣች። አለቃው ልጅቱ በራሷ ግድየለሽነት ነው የተጎዳችው የሚል ወረቀት አዘጋጅቶ ፈረቃውን ሁሉ ማስፈረም ጀመረ። ተራው መወርወሪያ ጋ ሲደርስ እጇ ላይ መፍቻ ነበር። አንድ ጊዜ ነው የመታችው። ሰውየው በሦስተኛው ቀን ሞተ። አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደባት።

"እሰይ፣ ይበለው" ብላ አታውቅም። "የሁለት ልጆች አባት ነበር" ትላለች፤ ከዚያ ወሬው እዚያው ላይ ይቆማል። በየዓመቱ ለሚስቱ ደብዳቤ ትጽፋለች። ፊደሏን የማርመው እኔ ነበርኩ። መልስ መጥቶ አያውቅም፤ "መልስ የመስጠት ግዴታ የለባትም" ትላለች።

ውሾቹ ተቃውሞዬን ከቁብ ሳይቆጥሩት መጡ። ዐሥር ነበሩ። የባዘኑ ውሾች ማቆያ ለስድስት ወር ይሰጠናል፣ ታራሚዎች ይመግባሉ፣ ያጥባሉ፣ ያሠለጥናሉ፤ ከዚያ ውሾቹ ለሚያሳድጋቸው ሰው ይሄዳሉ። ማስታወቂያው ላይ ፕሮግራሙ "ለታራሚዎች ሥነ ልቦና ማገገሚያ" ነው ይላል። መወርወሪያ ተመዘገበች። የማረሚያ ቤቱ ምክትል ኃላፊ ስሟን በቀይ ሰረዙት። ምክትሉ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደንብ ሲያዩ ግን የሚበሉት ነገር ያዩ ይመስላሉ። ሰው ለገደለ ታራሚ እንስሳ አይሰጥም ብለው ደንብ አወጡ። እሷም ስሟን እንደገና ጻፈች፤ እንደገና ሰረዙት። አራት ጊዜ።

ዘጠኙ ውሾች እንደምንም ተላመዱ። ዐሥረኛው ግን እምቢ አለ። ነጭ ነው፤ አንድ ዓይኑ ላይ ቡናማ ምልክት አለው፤ ቁመቱ የጥጃ ያህላል። ቢጠሩት አይመጣም፣ ቢቆጡት አይደነግጥም፣ ቢያባብሉት ፊቱን አያዞርም። ማቆያው ችኮ ብሎታል። ሁለት ሴቶች ሞክረው በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለቱም በቃን አሉ። ከውሾቹ ጋር ከማቆያው የመጣችው አሠልጣኝ ወደ ዋና ኃላፊዋ ሄዳ፣ እጅ የማይሰጥ ሰው ስጡኝ ብላ ጠየቀች። ኃላፊዋም የመወርወሪያ ስም አራት ጊዜ የተሰረዘበትን ዝርዝር አውጥተው ሰጧት።

መወርወሪያ የመጀመሪያውን ሳምንት እንደሌሎቹ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ስትጣራ ከረመች። ማታ ስትመጣ ድምጿ ጠፍቶ በሹክሹክታ ነው የምታወራኝ። በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የወጥ ቤቱ ጋሪ ጎማው ወለቀና አንድ ቁልል የቆርቆሮ ሳህን ሲሚንቶው ላይ ተበተነ። ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። ዘጠኙ ውሾች ዘለሉ፣ ጮኹ፣ ሁለቱ ገመዳቸውን ሊበጥሱ ደረሱ። ችኮ የግድግዳውን ሥር ያሸት ነበር፤ ማሽተቱን ቀጠለ።

እሷ ይህን አየች። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ በርቀት እርግጥ። ከኋላው ቆማ አጨበጨበች፤ ምንም። አፏ ውስጥ ሁለት ጣት ከትታ አፏጨች፤ ምንም። እግሯን ከመሬት ስታጋጭ ግን ዞሮ አያት። ወደ እኔ ተመለከተችና ሳቀች፤ አብረን ስንኖር ጥርሷን በቅጡ ያየሁት ያን ቀን ነው።

"እማማ ሽቦ፣ ችኮ ችኮ አይደለም" አለችኝ። "አይሰማም እኮ። ስንሰድበው የከረምነው በከንቱ ነው።"

ከዚያ በኋላ ያለው ለእሷ ቀላል ነበር። ሁለት መቶ የሽመና ማሽን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲንኳኳ ሰው ከሰው በአፍ አይነጋገርም። ሸማኔዎች የራሳቸው የእጅ ቋንቋ አላቸው። የተጨበጠ እጅ ማለት ማሽኑን አቁሚ ነው። ሁለት ጣት ማጠማዘዝ ክር ተበጠሰ። መዳፍን ደረት ላይ መለጠፍ ነይ ወደ እኔ። እጅን ከራስ በላይ ማዞር ደግሞ አለቃ መጣ፣ አደብ ግዢ ነው። ይህን ሁሉ ለችኮ አስተማረችው። አለቃ መጣ ስትለው ሆዱ ላይ ተዘርግቶ አገጩን መሬት ያስነካል። ምክትሉ ግቢውን ሲያቋርጡ ውሻው እንዲያ ሲተኛ ያየ ሁሉ ሳቁን መያዝ ያቅተዋል፤ እሳቸው ግን አክብሮት መስሏቸው ነበር።

ከውሻው ጋር ለመነጋገር ቀጥ ብላ መቆም ነበረባት። እሱ ዓይኑን ከእጇ ስለማያነሳ መንቀዥቀዥ አይቻልም። ሳላስተውለው ክፍላችን ውስጥ መመላለሷን ትታ ኖሯል። ያወቅኩት ጎረቤታችን "ምነው ዛሬ ፀጥ አላችሁ፣ ታማለች እንዴ?" ብላ ስትጠይቀኝ ነው።

አሠልጣኟ ጉዳዩን እንዳወቀች፣ ውሻው ስለማይሰማ የእንስሳት ሐኪም እንዲያየውና በር ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው ምክትሉ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ወረቀት እግር የለውም፤ የሚያስኬደው ሰው ከሌለ ባስቀመጡት ይተኛል። በዘጠነኛው ቀን ምክትሉ የውሾቹን ቤት ለመቆጣጠር ገቡ። ችኮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ተነስ አሉት ሁለት ጊዜ። ሳይነሳ ሲቀር ከኋላው ጎንበስ ብለው የአንገት ማሰሪያውን ጨምድደው ጎተቱት። እሱም ከእንቅልፉ ባንኖ ዞረና እጃቸውን ነከሰ። ሦስት ቦታ ተሰፉ።

ሰው የነከሰ ውሻ ወደ ማቆያው ይመለሳል። ማቆያው ደግሞ ሰው የነከሰ ውሻ ለማንም አይሰጥም፤ በመርፌ ይገድሉታል፣ አለቀ። ሐሙስ ጠዋት መኪና እንደሚመጣ ተነገረን። አሠልጣኟ ደብዳቤዋን ብታስታውስ ምክትሉ "በሂደት ላይ ነው" አሏት። መወርወሪያ ቢሯቸው ድረስ ሄዳ ውሻው እንደማይሰማ በራሷ አፍ ነገረቻቸው። "ደንቆሮ ከሆነማ የባሰ ነው" ብለው መለሱ።

ረቡዕ ከሰዓት አንድ ሐሳብ መጣብኝ። አንድ ደረቅ ሳሙናና አንድ ምላጭ ቢገኝልኝ የማቆያውን ማኅተም በሁለት ሰዓት ውስጥ አወጣው ነበር። "ጉዞው ተሰርዟል" የሚል አንድ መስመር በቂ ነው። ለመወርወሪያ ስነግራት ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

"በሐሰት አላድነውም" አለች። "እውነቱ ከእኛ ጋር ነው፤ ምን ጎድሎን ነው የምንዋሸው?"

ስለዚህ በሕይወቴ ለሌላ ስል የመጀመሪያውን እውነተኛ ማመልከቻ ጻፍኩ። ያለ ማኅተም ወረቀቱ ራቁቱን የቆመ መሰለኝ።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መኪናው በር ላይ ቆመ። መወርወሪያ የውሻው ቤት ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋች። የችኮን ገመድ ወገቧ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማ ቋጠረችውና መሬት ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹን ዘጠኝ ሴቶች አብራችሁኝ ሁኑ አላለቻቸውም። አንዳንዶቹ ልጆቻቸው ሊጠይቋቸው የሚመጡበት ሳምንት ነበር፤ የሚያጡት ነገር አለ። ከርቀት ቆመው አዩ። አልፈርድባቸውም።

እኔ ግን እርጅናዬን ይዤ ምን አጣለሁ? ከልብስ ማጠቢያው አንድ ባልዲ አምጥቼ ገልብጬ ከበሩ ውጪ ተቀመጥኩበት፤ ጀርባዬን ለውሻው ሰጥቼ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ያን ቀን እሷ ገመዱን፣ እኔ ወረቀቱን ይዘናል።

ምክትሉ እጃቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ መጡ። መወርወሪያ እጇን ከራሷ በላይ አዞረች፤ ችኮ ተዘርግቶ ተኛ።

"ገመዱን ፍቺና ውጪ" አሏት።

"አልወጣም።"

"ትእዛዝ ነው።"

"ሰምቻለሁ ጌታዬ። እኔ እሰማለሁ፤ እሱ ነው የማይሰማው።"

ሁለት ጠባቂዎች በሩን እንዲከፍቱ ታዘዙ። አንዷ ቁልፉን አውጥታ በሩ ጋ ስትደርስ እኔን ረግጣ ማለፍ ሊኖርባት ሆነ። "እማማ፣ ተነሱልኝ እባክዎ" አለችኝ በለሆሳስ። ማመልከቻዬን ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። "ለማረሚያ ቤቱ ዋና ኃላፊ። ጉዳዩ፦ የማይሰማ ፍጡር አልሰማህም ተብሎ እንዳይገደል ስለ መጠየቅ" የሚለው ላይ ስደርስ ጠባቂዋ ቁልፉን ወደ ኪሷ መለሰችው። ትዕግሥት ኖሯት ይሁን ሐዘኔታ፣ አልጠየቅኳትም። ሁለት ገጽ ነበር፤ ሳልቸኩል አነበብኩት። ጨርሼ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ዋና ኃላፊዋ መጡ። አጭር ሴት ናቸው፤ ሲናገሩ ድምፃቸው አይነሳም። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው ቆመው አነበቡት፤ ከዚያ በሽቦው በኩል መወርወሪያን አነጋገሯት።

"ምንድን ነው የምትፈልጊው?"

"ሐኪም ይመርምረው። የሚሰማ ከሆነ እኔው ራሴ መኪናው ላይ እጭነዋለሁ።"

"ትእዛዝ አልቀበልም ማለትሽ መዝገብሽ ላይ ይሰፍራል። የአመክሮ ኮሚቴው ፊት የምትቀርቢው ከሁለት ወር በኋላ ነው። አስበሽበታል?"

ችኮ ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ አድርጎ ነበር። እጇን ጀርባው ላይ አሳረፈች።

"ይስፈር" አለች።

የማቆያው ሐኪም መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ወጣት ነው። መጥቶ ከውሻው ጀርባ ቆመና ሁለት የብረት ሳህን አጋጨ። እኔ ከባልዲው ላይ ልወድቅ ስል ችኮ ጆሮውን እንኳን አላነቃነቀም። ፊሽካ ነፋ፤ ቁልፍ ጣለ፤ አንድ ትንሽ መሣሪያ ጆሮው ውስጥ አስገብቶ አየ። ነጭ ውሾች ላይ ይህ አንዳንዴ እንደሚያጋጥም፣ ከተወለደ ጀምሮ ሳይሰማ እንዳልቀረ ተናገረ። ከዚያ መወርወሪያን እዘዢው አላት። ገመዱን ፈታች። በእጇ ተቀመጥ አለችው፤ ተቀመጠ። እዚያው ጠብቅ ብላ ሠላሳ እርምጃ ሄደች፤ ጠበቀ። መዳፏን ደረቷ ላይ ስትለጥፍ እየሮጠ መጣ። በመንገዱ ላይ ምክትሉ ቆመው ነበር፤ ዞሯቸው አለፈ።

ሐኪሙ ቦርሳውን ዘጋ። "ይሄን ውሻ እኔ አልወጋም" አለ። "በእንቅልፉ የጎተቱት ማንም ይናከሳል። ሌላ ሐኪም ከፈለጋችሁ ፈልጉ።"

ኃላፊዋ ውሻው ይቆይ አሉ። መወርወሪያ ግን ለእምቢታዋ ዐሥር ቀን የብቻ ክፍል፣ ከዚያም አንድ ወር ወደ ውሾቹ ቤት እንዳትጠጋ ተወሰነባት። ምክትሉ ደንቡን ራሳቸው አነበቡላት። የብቻውን ክፍል ዐሥር ቀን ጨረሰችው። ስትወጣ ችኮ ለአንዲት ታራሚ ተሰጥቷል፤ ልጅቱ ከእጅ ቋንቋው ሁለት ቃል እንኳ አታውቅም። ውሻው ያጠፋ እንደሆነ ሰበብ ይሆናልና ሁላችንም ሰጋን።

በማግስቱ መወርወሪያ ልብስ ማጠቢያው ጋ ተመደበች። ማጠቢያውና የውሾቹ ሜዳ መሀል የሽቦ አጥር አለ። እርጥብ አንሶላ ታሰጣለች፣ እጇን ታደራርቃለች፣ ከዚያ መዳፏን ደረቷ ላይ ትለጥፋለች። ከአርባ እርምጃ ወዲያ ችኮ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ተቀመጥ፣ ጠብቅ፣ ዙር። ልጅቱም እሷን እያየች መኮረጅ ጀመረች። በሳምንት ውስጥ ሦስቱም በአጥር ውስጥና ውጪ ሆነው አብረው ይሠሩ ነበር። ምክትሉ ደርሰውባት እንዳትጠጊ አልተባልሽም ወይ ብለው ጠየቋት።

"አልተጠጋሁም" አለቻቸው። "ካልሲ እያሰጣሁ ነው። እጅሽን አታንቀሳቅሺ የሚል ደንብ ካለ ያንብቡልኝ።"

ደንብ አልነበረም። ትተዋት ሄዱ። ይቅርታ ጠይቀዋት አያውቁም፤ እሷም አልጠበቀችም። ከዚያ ወዲህ ግን የውሾቹን ቤት ሲጎበኙ በሩ ላይ ቆመው እግራቸውን ከመሬት ያጋጫሉ።

የአመክሮ ኮሚቴው ቀን ደረሰ። እኔ ተጸጽቻለሁ እንድትል ለመንኳት፤ አንድ ቃል ናት፣ አፍ ላይ አትከብድም አልኳት። ታናሽ እህቷም ከአንድ ሳምንት በፊት መጥታ እያለቀሰች ለምናታለች። ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ነበሩ። ስለ ሟቹ ሲጠይቋት፣ በየቀኑ እንደሚጸጽታት፣ እስክትሞትም እንደሚጸጽታት ተናገረች። ቀጥለው የውሻውን ጉዳይ አነሱ። በዚያስ ተጸጽተሻል ወይ አሉ። ያለችውን ቃል በቃል እንድትነግረኝ ስላደረግኩ ይኸው፦

"ፋብሪካው ውስጥ ያን ወረቀት አልፈርምም ማለት ነበረብኝ። እጄን ኪሴ ከትቼ አልፈርምም ብል ኖሮ ሰውየው ዛሬ በሕይወት ነበር። እኔ ግን መታሁት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያሰብኩት ስለዚያ ነው። አሁን ሰው ሳልመታ እምቢ ማለት ቻልኩ። ያስገባችሁኝ ማረሚያ ቤት ነው፤ ይሄው ታረምኩ። በዚህ ተጸጸቺ ካላችሁኝ የቱን ነው የማርመው?"

አመክሮዋን ለአንድ ዓመት አራዘሙባት።

እህቷ በጠያቂዎች ክፍል ውስጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የተቆጣችው። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። እትዬ፣ ለውሻ ብለሽ አንድ ዓመት? ልጄ እኮ አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው እያለች ነው" አለቻት።

"እመጣለሁ" አለች መወርወሪያ። "ስመጣ ግን ቀጥ ብዬ ነው የምመጣው።" እህቷ የያዘችላትን የሱፍ ሹራብ በጠባቂዋ በኩል አቀበለቻት፤ ስትወጣም በመሀላቸው ያለውን መስታወት በመዳፏ ነካችው።

በስድስተኛው ወር፣ ማቆያው የሐኪሙን ቃል ተቀብሎ ስለፈቀደ፣ ችኮን ሊወስድ አንድ ሰው መጣ። ጣውላ መሰንጠቂያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርቶ መጋዙ ጆሮውን የበላው አናጢ ነው። ሚስቱ ሞታ ብቻውን ይኖራል። በር ሲንኳኳ የሚነግረው ውሻ ይፈልግ ነበር። አሠልጣኟ፣ የማይሰማ ውሻ ለዚያ ምን ያደርግልዎታል ብላ በጽሑፍ ጠየቀችው። ሰውየው አንብቦ ሳቀና "ወለሉ የጣውላ ነው፤ ሲረገጥ እሱ በእግሩ ይሰማል። ደግሞ እኔም ለማንም አልጠቀምም ተብዬ ነው ጡረታ የወጣሁት" አለ።

የእጅ ምልክቱን የምታስተምረው መወርወሪያ እንድትሆን ኃላፊዋ ፈቀዱ። ሦስት ቀን ተመላለሰ። እጆቹ ወፍራምና ጠባሳ የሞላባቸው ናቸው፤ ግን ፈጥኖ ያዘው። አንዳንዱን ምልክት እሱም በመጋዝ ቤት ኖሮ ያውቀው ነበር፤ የተጨበጠ እጅ እነሱም ጋ አቁም ማለት ነው። በመጨረሻው ቀን ገመዱን በገዛ እጇ ሰጠችው። ችኮ በሩ ጋ ደርሶ ወደ ኋላ ዞሮ አያት። ና የሚለውን ምልክት እንዳትሰጠው እጆቿን ብብቷ ውስጥ ደብቃ ቆመች። አናጢው ራሱ ምልክቱን ሰጠው፤ ውሻውም ተከተለው። እሷ ያን ከሰዓት በኋላ ምንም አልሠራችም፤ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ዋለች። በማግስቱ አሠልጣኟ ሁለት ቡችሎች ይዛላት መጣች።

በሚቀጥለው ዓመት ያው ኮሚቴ፣ ያው ክፍል፣ ያው ጥያቄ ነበር። መሀል ላይ የተቀመጡት ሴትዮ መዝገቡን ገልጠው፣ በዚያ ጉዳይ ላይ ሐሳብሽን ቀይረሻል ወይ አሏት።

"አልቀየርኩም" አለች። "ለከርሞም ብትጠሩኝ መልሴ ይኸው ነው።"

ሁለቱ ትፈታ ብለው ፈረሙ። ሦስተኛው ተቃውሞውን በጽሑፍ አስመዘገበ። መወርወሪያ ከመውጣቷ በፊት የውሳኔውን ግልባጭ ጠየቀች፤ ተቃውሞው ጭምር ያለበትን። ምን ያደርግልሻል አልኳት። "እምቢ ማለቴ በማኅተም የተረጋገጠበት ወረቀት ሌላ የለኝም" አለችኝና አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።